መለኪያዬ የመሰከረ ዕለት

ለነፍስ አባቴ የነገርኳቸው ግማሹን ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፣ እናቴም ሳትሰማው ሞተች፣ ብቻዬን ስሆን እንኳ ድምፅ አውጥቼ ብዬው አላውቅም። አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ለምን ለእናንተ? ስለማታውቁኝ ይመስለኛል። የሚያውቀኝ ሰው ገና ሳልጨርስ "ተው ባክህ፣ አንተማ እንዲህ አታደርግም" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ዝም የምል ሰው ነኝ። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

በሐሰት መስክሬአለሁ። ያውም በአፌ ብቻ አይደለም፣ በገዛ እጄ በሠራሁት ዕቃ አስመስክሬ ነው። ንጹሕ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር እንዲንበረከክ አድርጌአለሁ። ከዚያም፣ ይኼ ነው የሚብሰው፣ ይቅር ብዬዋለሁ።

ስሜ ጌታቸው ነው፤ በሰፈር ጌቾ ይሉኛል። ቤቴ ወሰን የሚባል ሰፈር ነው፤ የምሠራው ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቢሮ፣ የኮምፒውተር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ "አጥፍተህ አብራው" ስል የምውል ሰው ነኝ። ትዕግሥተኛ፣ ጥንቁቅ፣ ነገር የማይወድ እየተባልኩ ነው የኖርኩት። እኔም አምኜው ነበር።

ገመቹ ሁለት በር አልፎ ያለ ጎረቤቴ ነው። የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል። አባቱ በፊት ያርሱት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ ገመቹ "አባቴ ጤፍ ባጨዱበት ቦታ እኔ የሰው መስኮት እገጥማለሁ" እያለ ይስቃል። ሲስቅ ሰውነቱ በሙሉ ነው የሚስቀው። ብስክሌት ያስጀመረኝም እሱ ነው። አንድ ቀን ቦርጬን አይቶ "ጌቾ፣ ይኼ ነገር ካንተ ቀድሞ ታክሲ ውስጥ እየገባ ነው" አለኝ። አፍሬ ሳቅኩ፤ ብዙም ሳልቆይ ያገለገለ ብስክሌት ገዛሁ።

እሑድ እሑድ ጠዋት አብረን እንወጣ ነበር። በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ያለውን ዳገት እየታገልን እንጦጦ እንደርስና፣ ባሕር ዛፉ ሥር ትንፋሻችንን ሰብስበን እንመለሳለን። ዳገቱን ሁልጊዜ የሚቀድመኝ እሱ ነው። ቁልቁለቱንም የሚቀድመኝ እሱ ነው። ይቀድመኝና ታች ቆሞ "ደረስክ እንዴ? እኔ እኮ ልተኛ ነበር" ይለኛል። እስቃለሁ። በሆዴ ግን አልስቅም ነበር። ቅናት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም፣ ምን አሽሞነሙነዋለሁ።

የፍጥነት መለኪያውን የሠራሁትም ለዚሁ ነው። ለሰው ስናገር "ለጤናዬ ነው፣ ምን ያህል እንደሄድኩ ለማወቅ ነው" እል ነበር። ውሸቴን ነው። ገመቹን የቀደምኩበትን ቁጥር አንድ ቀን በዓይኔ ለማየት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከፊት ጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች በአንዱ ላይ ጥፍር የምታህል ማግኔት ይታሰራል። ጎማውን በያዘው ብረት ላይ ደግሞ ማግኔቱ ባለፈ ቁጥር የሚነቃ ሴንሰር ይለጠፋል። ሴንሰሩ ከአንዲት ትንሽ ሰርኪት ጋር ይያያዝና፣ ሰርኪቷ ጎማው አንድ ጊዜ ለመዞር ምን ያህል እንደፈጀበት ታሰላለች። ፍጥነቱ መሪው ላይ ባለች ስክሪን ይታያል፤ በብሉቱዝም ስልኬ ላይ ይመጣል። የዕለቱን ከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ ይዛ ታስቀምጣለች። እኔ ካላጠፋሁት አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ሰርኪቷ ጎማውን አታየውም። ጎማው ትልቅ ይሁን ትንሽ አታውቅም። የጎማውን ዙሪያ ለክቶ የሚነግራት ሰው ነው፤ እሷም ሰው የነገራትን ታምናለች።

እንዴት እንደለካነው አልረሳውም። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ ብስክሌቱን አንድ ሙሉ ዙር ገፋነው፤ ጠመኔው መሬት ላይ ካረፈበት እስካረፈበት በሜትር ለካን። ሜትሩን ከሥራ ቦታው ያመጣው ገመቹ ነው፤ አንዱን ጫፍ ተንበርክኮ የያዘልኝም እሱ ነው። ሁለት ሜትር ከሰባት ሳንቲሜትር ሆነ። ከዚያ በፊት በእህቴ ልጅ ትንሽዬ ብስክሌት ላይ ሞክሬው ስለነበር የእሱም ልክ ስልኬ ላይ ነበር፤ አንድ ሜትር ከሃያ አራት። አንዱን "ትልቁ"፣ አንዱን "ትንሹ" ብዬ አስቀመጥኳቸው። በጣት ነካ ሲደረግ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀየራል፤ የተመዘገበው ሁሉ ደግሞ በአዲሱ ልክ እንደገና ይሰላል። ያን ጊዜ ይህን በማሰቤ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር።

ስክሪኗ የተቀመጠችባትን ሳጥን የሠራልኝም ገመቹ ነው። ከሥራ የተረፈ አሉሚኒየም ቆርጦ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሶ፣ ዝናብ እንዳይገባባት ዙሪያዋን በላስቲክ ዘግቶ አመጣልኝ። "አንጎሉ ያንተ፣ ቆርቆሮው የኔ" አለ። ምን አስከፈለኝ? ምንም። "ጉልበት ግን አትሰጥህም፤ እሱን እኔ ጋ ነው የምታገኘው" ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

አንድ እሑድ በእሱ ብስክሌት ላይ አስረን ሞከርናት። የሁለታችንም ጎማ እኩል ነው። በዚያ ቁልቁለት ገመቹ በሰዓት አርባ አራት ኪሎ ሜትር ወረደ። እኔ አርባን እንኳ አልፌ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃምሳ የምትል ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። በሰፈሩ ደግሞ ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት ስለመለኪያዋ አወራ ነበር። ፀጉር ቤት ገብቼ አወራለሁ፣ ዕድር ስብሰባ ላይ አወራለሁ። "ይህች ዕቃ አትሳሳትም! ሰው ይሳሳታል እንጂ እሷ አትሳሳትም" እያልኩ። ሰፈሩ አመነኝ። ወይ ጉዴ፣ እንዲያምኑኝ ያደረግኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ይኼ ሁሉ የሆነው ከኮሮና በፊት ነው። ቀኑ እሑድ ነው፤ ራጉኤልም ነበር። ሕዝቡ ገና እንጦጦ ራጉኤል ቅዳሴ ላይ ስለነበር መንገዱ ጭር ብሏል። እኔና ገመቹ ከእንጦጦ እየወረድን ነው። እሱ ፊት፣ እኔ ከኋላ። ያን ዕለት ፍሬን ሳልይዝ ለቀቅኩት። ስክሪኗን ነው የማየው። አርባ ሁለት። አርባ አምስት። አርባ ሰባት። አርባ ዘጠኝ! ሃምሳ ስትል ለማየት ዓይኔን ከእሷ አላነሣሁም። መንገድ አላየሁም፣ ገመቹን አላየሁም። ለመታጠፊያው ፍጥነት ቀንሶ እንደነበር አላየሁም።

የፊት ጎማዬ የኋላ ጎማውን ነካው። ነካው ብቻ። እጄ ላይ ተሰማኝ፤ ይኸውና ዛሬም ይሰማኛል። የእኔ ብስክሌት ተወዛወዘና ቀና አለ። የእሱ ግን ተጣሞ ወደ ዳር ሄደ።

ዳር ላይ ጋሽ በቀለ ነበሩ። ጋሽ በቀለ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ብዙ መቆም አይችሉምና ከቅዳሴው ቀድመው ወጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቁልቁል ወደ ታክሲው በእግራቸው ይወርዱ ነበር። ምንም አላዩም። ድምፅ እንኳ የሰሙ አይመስለኝም።

እኔ አልወደቅኩም። ይኼንንም ጻፉልኝ፤ አልወደቅኩም። ታች ድረስ ሄጄ ነው ያቆምኩት። ብስክሌቴን እየገፋሁ ስመለስ ገመቹ ክርኑ ደም በደም ሆኖ፣ ጋሽ በቀለን አንገታቸውን ደግፎ፣ "አባባ፣ አባባ፣ አይዞዎት፣ አለሁ" ይላል። ጋቢያቸውን ከአፈሩ አራግፎ መልሶ አለበሳቸው። እሳቸው ዳሌያቸውን ይዘው ያቃስታሉ። ገመቹ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ የለበትም። ግራ የገባው ሰው አስተያየት ነው።

"ጌቾ፣ ምን ሆነህ ነው? ከኋላ ነካኸኝ እኮ" አለኝ።

"እኔ? እኔ ሩቅ ነበርኩ" አልኩት።

እንዲህ ነው የጀመረው። አስቤ አይደለም፣ አቅጄም አይደለም፤ ግን ማን አፌን ያዘኝ? ወዲያው "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብል ምን እሆን ነበር? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አፋፉ ላይ ቆሜ ልመልሰው የምችልበት ጊዜ ነበረኝ። አልመለስኩትም።

ጋሽ በቀለ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ለሕክምናው ሰፈሩ ተባበረ፤ እሱ ችግር አልሆነም። ልጆቻቸውም ጨዋ ናቸው፤ "ፖሊስ ጣቢያ አንሄድም፣ ጎረቤታሞች ናችሁ፣ በሽምግልና ይለቅ" አሉ። እሳቸው ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ከተኙ በኋላ ሽማግሌዎች ግቢያቸው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ጥፋቱ የማን ነው? ምክንያቱም ጥፋተኛው ድንጋይ መሸከም አለበት። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ በተበደለው ፊት ይንበረከካል፤ የተበደለው ይቅር ሲለው ድንጋዩ ይወርድለታል። ለሁለት አይካፈሉት ነገር አንድ አንገት ነው።

ሽምግልናውን የመሩት የገመቹ አጎት ጋሽ ድሪባ ናቸው። ለዘመዳቸው እንዳያዳሉ ሲሉ ገመቹን አጥብቀው ነው የጠየቁት። ገመቹ "ጌታቸው ከኋላ ነካኝ፤ በክፋት ግን አይደለም" አለ። እኔ ተነሥቼ "እኔ ቀስ ብዬ ነው የምወርደው፤ ከሱ ብዙ ርቄ ነበር" አልኩ። ሁለት ቃል፣ ምስክር የለም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ያኔ ገመቹ ፊቱ በራ።

"መለኪያው አለ አይደል!" አለ። "የዕለቱን ከፍተኛ ፍጥነት ይይዛል። ከዚያ ወዲህ ብስክሌቱን ካልነዳ ቁጥሩ አለ። ይምጣና ይናገር።"

እሱ ነው ያለው። እሱ! ዕቃዬን ከእኔ በላይ ያመናት እሱ ነው። ሳጥኗን የሠራላት፣ ሜትሩን የያዘላት ሰው እኮ ነው፤ እንዴት አያምናት?

ጋሽ ድሪባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "መልካም። ብረት ዘመድ የለውም። ሂድና አምጣው ልጄ" አሉኝ።

ከጋሽ በቀለ ግቢ እስከ ቤቴ ጥቂት እርምጃ ነው። ብስክሌቱ ኮሪደር ላይ ቆሟል። መለኪያዋን ስፈታ እጄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲንቀጠቀጥ ነበር የምፈልገው፤ ዛሬ "እጄ እየተንቀጠቀጠ" ብዬ ልጽፍላችሁ በወደድኩ። አልተንቀጠቀጠም። አበራኋት፤ አርባ ዘጠኝ ትላለች። ላጥፋው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ "ቢጠፋ ይጠረጥሩኛል" አልኩ። ማጥፋት መደበቅ ነው። እኔ መደበቅ ብቻ አልበቃኝም፣ ምስክር ፈለግኩ። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና "ትልቁ" የሚለውን ትቼ "ትንሹ" የሚለውን ነካሁት። አንድ ጣት ብቻ። አርባ ዘጠኙ ሃያ ዘጠኝ ሆነ።

ስመለስ አንድ ነገር ብቻ ፈርቼ ነበር። ከፍጥነቱ ሥር የዕለቱ መንገድ ርዝመትም ይታያል፤ እሱም አጥሯል። "እንጦጦ ደርሶ ለመመለስ ይኼ ብቻ ነው እንዴ መንገዱ?" የሚል አንድ ሰው ቢኖር አልቆልኝ ነበር። ማንም አላለም። ሁሉም ትልቁን ቁጥር ነው ያዩት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ጋሽ ድሪባ መነጽራቸውን አውርደው አዩና "ሃያ ዘጠኝ" አሉ። ከዚያ ገመቹ ተቀበላት።

ለረጅም ጊዜ አያት። ፊቱን ስለለመድኩት አውቀዋለሁ፤ ይናደዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተናደደም። የሆነ ነገር ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁ። "እኔ እዚያ ጋ ከአርባ በታች ወርጄ አላውቅም" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "በሃያ ዘጠኝ ሊደርስብኝ አይችልም። እንግዲያው እኔው ነኝ። ፍሬኔን ሳልይዝ፣ ድንጋይ ነገር ረግጬ… የተነካሁ መስሎኝ ነው።"

የተነካሁ መስሎኝ ነው! እዚያች ላይ ልቆም እችል ነበር። አልቆምኩም። ምን ላጣ ነበር? እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ላጣ? አልታሰርም፣ ከሥራ አልባረርም። "ጥንቁቁ ጌቾ" የሚለውን ስሜን ላጣ ነበር፤ እሱን ነው በሰው አንገት የለወጥኩት።

ልጆቹ ከግቢው አጥር ሥር ትንሽ ድንጋይ አመጡለት፤ ለወጉ ያህል ትበቃ ነበር። ገመቹ እሷን አስቀምጦ ትልቁን አነሣ። አንገቱ ላይ አድርጎ ጋሽ በቀለ ከተኙበት አልጋ ሥር ተንበረከከ። እሳቸው እያለቀሱ "ተነሥ ልጄ፣ ተነሥ፣ ይቅር ብያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበልህ" አሉት። ልጃቸው ድንጋዩን ሊያወርድለት እጁን ሲዘረጋ ገመቹ "ቆይ፣ ገና ነኝ" አለ።

ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ድንጋዩን እንደተሸከመ።

"ጌቾ፣ ስምህን በሐሰት አጥፍቻለሁ። በሽማግሌ ፊት ወንጅዬሃለሁ። ይቅር በለኝ" ብሎ እግሬ ሥር ተንበረከከ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። ድንጋዩን በሁለት እጄ ከአንገቱ ላይ አወረድኩለት። ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ ስለነበረ ይሞቃል። አንገቱ ላይ አፈር ተለጥፎ ነበር፤ አራገፍኩለት። ሽማግሌዎቹ እልል በሉ አሉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ተቃቅፈን ተሳሳምን። ጉንጩ በእንባ ርሷል። የእኔ ደረቅ ነበር።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔን ስንቅ ማን እንደቋጠረው እንጃ፣ እያደር ከበደ።

ገመቹ ብስክሌቱን ሸጠ። እሱን እንኳ ልቀበል። ግን በዚያን ጊዜ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ እየተማረ ነበር። ሲ.ኤም.ሲ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ልጆች የሚያመላልስ ሾፌር ይፈልግ ነበርና ቦታው እንደሚሰጠው ተነግሮታል። ከልጅነቱ ጀምሮ መኪና መንዳት ይወዳል። መጋዝና ብናኝ ሰልችቶታል፣ ሌት ተቀን ያስላል። ከሽምግልናው በኋላ ተወው። "ምነው?" አልኩት፣ አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ። "ብስክሌት ያልያዘ እጅ የሰው ልጅ ጭኖ ይነዳል እንዴ?" አለኝ። "እጄን አላምነውም ጌቾ። የተነካሁ መስሎኝ ነበር እኮ። እምልልህ ነበር። ያልሆነ ነገር እንደሆነ አድርጎ የሚያሳይ ጭንቅላት ይዤ መሪ ልያዝ?"

ጭንቅላቱ ልክ ነበር። እጁ ልክ ነበር። የሆነውን ነው የተሰማው። ይኼንን የማውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ነኝ፤ ያ ሰው ደግሞ "እንዳልክ" ብሎት ሄደ።

ነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። "አባቴ፣ ዋሽቻለሁ" አልኳቸው። "በምን?" አላሉኝም፤ እኔም አልጨመርኩም። ስግደት ሰጡኝ፤ ራጉኤል ድረስ ወጥቼ ሰገድኩ። በታክሲ ስወጣ በዚያች መታጠፊያ ነው የማልፈው፤ መስኮቱን ትቼ ስልኬን አየሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለኔ ዓይነቱ ነው።

ጋሽ በቀለ በከዘራ ሲሄዱ ቆይተው፣ ዕድሜያቸው ደርሶ ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ገመቹ ነበር፤ አንዱ እኔ ነበርኩ። እሳቸውን ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ ተዘግቷል። ገመቹን ይቅር ብለው ነው የሞቱት። እኔን ይቅር ለማለት ዕድሉን እንኳ አልሰጠኋቸውም።

ከገመቹ ጋር ግን ወዳጅነታችን ጠነከረ፤ ታምኑኛላችሁ? በዓል በመጣ ቁጥር ይመጣል። ከዚያ በኋላ የወለዳት ልጁ ሲፈን "አጎቴ" ነው የምትለኝ። ይወደኛል። ይቅር ስላልኩት ይወደኛል።

ባለፈው ሳምንት ትንሽዬ ብስክሌት ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ሲፈን አብራው ነበረች፣ ደስታዋ ከጫማዋ ሁሉ ይወጣል። አሁን በከተማው የብስክሌት መንገድ ተሠርቶ ልጁ ሁሉ እየነዳ ነው፤ እሷም ስትለምነው ከርማ በመጨረሻ እሺ አላት።

"በአንድ ነገር ነው እሺ ያልኳት" አለኝ። "መለኪያ ከገጠምክላት። ስትፈጥን የሚጮህ። የኔ ዕጣ እንዳይደርስባት።"

"ምን ዕጣ?" አልኩት፣ እያወቅኩ።

"እሱማ ያንተ መለኪያ እውነቱን ባታወጣው ኖሮ እስከ ዛሬ አንተን እየወነጀልኩ እኖር ነበር። እግዜር ይስጣት" አለና ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘውና ጎንበስ አለ። ሲፈን ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት፤ እንደለመደችው ሰው። "ለእሑድ ይደርሳል?" አለኝ። ይደርሳል አልኩት።

ትላንት ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። ብቻዬን ገፋሁት፣ ብቻዬን ለካሁት፤ የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልኝ ስላልነበረ ጡብ ጫንኩበት። አንድ ሜትር ከሃያ አራት። ያው ነው። ያን ዕለት ለሐሰት የተጠቀምኩበት ቁጥር፣ ለዚህች ልጅ ብስክሌት እውነተኛ ልኳ ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። በዚያ በደረቀ ጉንጬ ላይ እንባ የወረደው ገና ትላንት ነው፤ ምን ይረባል።

አሮጌዋ መለኪያ አለች። ከገመቹ አንገት ድንጋዩን ካወረድኩ በኋላ ብስክሌቴ ላይ መልሼ አላሰርኳትም። አልጣልኳትም፣ ቁጥሩንም አላጠፋሁትም። ለምን እንዳላጠፋሁት ራሴን ጠይቄ አላውቅም፤ ምናልባት እጄ ከእኔ ትሻል ይሆናል። አሮጌ ስልኬን ቻርጅ አደረግኩና አያያዝኳት። "ትንሹ" እንደተመረጠ ነው፣ ሃያ ዘጠኝ እንዳለች ናት።

ድንጋይ አምጥቼ ከቤቴ በር ሥር አስቀምጫለሁ። ቀላሏን አይደለም። ባለቤቴ "ይኼ ደግሞ ለምንድን ነው?" ብላኛለች፤ እሑድ ታያለሽ አልኳት። ጋሽ ድሪባንም ጠርቻቸዋለሁ፤ አርጅተዋል፣ ግን "በሽማግሌ ፊት የተበላሸ በሽማግሌ ፊት ነው የሚቃናው፣ እመጣለሁ" ብለውኛል። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም።

እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተን ምን በደልኳችሁ? ተገድጄ ነው፣ ፈርቼ ነው፣ ወጣት ነበርኩ አልልም፤ አልተገደድኩም፣ ወጣትም አልነበርኩም። ገመቹንም የምፈራው እንዳይምረኝ ብዬ አይደለም። ቶሎ እንዳይምረኝ ነው። እሱን አውቀዋለሁ፤ ገና አንገቴ ላይ ድንጋይ ሲያይ "ምን ነካህ ጌቾ፣ አውርደው" ብሎ እጁን ይዘረጋል። ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ይቅር ይለኛል። ይቅርታውን እንደዚያ ብቀበል ሁለተኛ ሰረቅኩት ማለት ነው።

ስለዚህ በሩን ስከፍትለት መጀመሪያ መለኪያዋን ነው እጁ ላይ የማስቀምጠው። ስልኩን እሱ ይይዛል። "'ትልቁ' የሚለውን ንካው" እለዋለሁ፤ በገዛ ጣቱ ይነካዋል፣ አርባ ዘጠኝን ያያል። "ነክቼሃለሁ። የተሰማህ ልክ ነበር" እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን እሸከማለሁ፤ እስከፈለገው ድረስ አንገቴ ላይ ይቆይ።